በሞቃቱ ሣጥን ውስጥ

ገበሬው እጁ የመቃብር አፈር እንደለበሰ መጥቶ፣ በቆቦ የረሃብተኞች መጠለያ ውስጥ ካለው የሐኪሙ ድንኳን በር ላይ ቆመ። ሐኪሙ የሳንባ በሽታ ያጠና ነበር፤ ከወር በፊት ሰውዬውና ሴት ልጁ ከዋጃ ሲመጡ የልጅቱን አክታ የተቀበለው እሱ ነው።

"ከልጄ የወሰዱትን ይስጡኝ፣ ጌታዬ። ጉድጓዱን ሳልደፍነው ነው የመጣሁት። ከአካሏ ጎድሎ ብቀብራት፣ በትንሣኤ ጎዶሎ ሆና ትነሣለች።"

ሐኪሙ በላምባ ከሚሞቀው ሣጥን አንዲት ብልቃጥ አወጣ። በውስጧ ቢጫ ነገር ረግቶ፣ በላዩ ከልጅቱ አክታ የበቀለው ጀርም የዳቦ ፍርፋሪ መስሎ ነበር። ገበሬው ተቀብሎ ጉንጩ ላይ አስጠጋት። ልጁ ሌሊቱን እቅፉ ውስጥ በረዶ ሆና ነበር ያደረችው።

"ትሞቃለች" አለ በሹክሹክታ። "በሕይወት አለች?"

"ጀርሙ አለ። ግን እሷ አይደለችም፣ አባቴ። የገደላት እሱ ነው።"

ሰውዬው "አለ" ከሚለው ቃል ወዲያ የሰማ አይመስልም። "ይኼ ቢጫውስ?"

"እንቁላል ነው" አለ ሐኪሙ፣ ዓይኑን ሰብሮ። "ምግቡ ነው።"

ገበሬው የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ የሚሠጋ ይመስል፣ ብልቃጧን ሣጥኑ ውስጥ መልሶ አስተኛትና ክዳኑን ቀስ ብሎ ገጠመው።

"እዚሁ ትቆይ። እኔ ዘንድ ምን ትበላለች?" አለ። ለመውጣት ጎንበስ ብሎ ዞረ።

"እንቁላሉ ሲያልቅባት ግን፣ አደራ፣ ይጨምሩላት።"