የመምህር አካለ ወልድ ግለ ሂስ

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ድምፃዊ ውበቴ ለክብሩ በተዘጋጀ በዓል ላይ ሊገኝ ነው ከተባለ ጀምሮ፣ ቢቸና ውስጥ እሱን ያላሳደገ ሰው ጠፋ። አንዷ ጡት አጥብቼዋለሁ ትላለች፤ አንዱ የመጀመሪያ ጫማውን የገዛሁለት እኔ ነኝ ይላል። በዚያ ሁሉ እናትና አባት መካከል ልጁ እንዴት ተርቦ እንዳደገ እግዜር ይወቅ። ሁሉም የሚስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውበቴን ከከተማው ያባረረው አንድ ደንቆሮ ዳኛ ነው።

ነገሩ የሆነው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። የቀበሌው የኪነት ቡድን ሊቋቋም ሲል፣ ወጣቶች በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል እየገቡ ተራ በተራ በዘፈን ተፈተኑ። ቢቸና ውስጥ የማይዛመድ ሰው ስለሌለ፣ ሦስቱ ዳኞች ከጤና ጣቢያ በተዋሱት አንሶላ ተጋርደው ተቀመጡ፤ ተፈታኙም በስም ሳይሆን በቁጥር ተጠራ። ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በአንዱ ቁጥር ትይዩ፣ «ይህ ድምፅ ከማሽላ ዝንጀሮ ለማባረር ካልሆነ ለኪነት አይበጅም» የሚል ተጽፎ ተገኘ።

ከተማው ሳምንት ሙሉ ሳቀ። የቁጥሩ ባለቤት እኔ ነኝ ያለ ልጅ ግን አልነበረም። በዚያው ሳምንት ውበቴ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። ከዓመታት በኋላ ድምፁ በሬዲዮ ሲመጣ፣ ሰዉ ሁለቱን ነገር ገጣጠመና ዐረፈው።

ያችን ዓረፍተ ነገር የጻፏት መምህር አካለ ወልድ ነበሩ። ከሌሎቹ ዳኞች አንዱ ሞቶ፣ አንዱ ጎንደር ተዛውሮ፣ ምስጢሩ በእሳቸውና በሚስታቸው በጥሩአየሁ መካከል ቀረ። ያኔ በጽሑፋቸው ኮርተው እንደነበር አይካድም፤ እራት ላይ ለጥሩአየሁ ሁለት ጊዜ ብለውላታል። አሁን ጠላ ቤት ውስጥ ዳኛው ሲሰደብ ከሁሉ አብልጠው የሚሰድቡት እሳቸው ናቸው። አህያ እንኳ ከሱ የተሻለ ጆሮ አላት ይላሉ፤ ሲሉትም ከልባቸው ነው።

እሱስ ባልከፋ። የከፋው የአውራጃው ካድሬ ጓድ አዳሙ ነገሩን አጥብቆ መያዙ ነው። ጓድ አዳሙ የሞጣ ልጅ ነው፤ ቢቸና አንድ ዓመት ተምሮ፣ ኋላ ውጭ አገር ሠልጥኖ የተመለሰ ቁጥብ ወጣት። በየሰልፉ መዝሙር ሲዘመር እንኳ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። መምህሩ ይህን አይተው ሥልጣን ሰውን እንዴት ጭምት ያደርገዋል ይሉ ነበር። በአቀባበል ኮሚቴው ስብሰባ ላይ፣ ያ ዳኛ ማን እንደነበር ተጣርቶ ይቅረብልኝ አለ። ፓዌ ሰፈራ ጣቢያ ለሚላኩት መምህራን ዝርዝር አንድ ሰው እንደጎደለም ጨመረበት። እንዲያጣሩ የተመረጡት መምህር አካለ ወልድ ናቸው፤ ያውም በጭብጨባ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሳቸውን ሲያፈላልጉ ከረሙ። መዝገብ አገላበጡ፣ የሰው ቃል ተቀበሉ፣ በመጨረሻም ተፈላጊው ዱካውን ማጥፋት የሚያውቅ አደገኛ ሰው ነው የሚል ሪፖርት ጻፉ። ሲጽፉት ትንሽ ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ ፓዌ ትዝ ትላቸዋለች። ሙቀት አይችሉም፤ ዓባይ ድልድይ ሲደርሱ እንኳ ራሳቸውን አዙሯቸው የሚወድቁ ሰው ናቸው። እዚያ በወባ እንደሚሞቱ አልተጠራጠሩም።

መላውን የዘየደችው ጥሩአየሁ ናት። ካድሬው የሚቆጣው ለውበቴ ተቆርቁሮ ነው፤ ውበቴ ራሱ በሕዝብ ፊት ይቅር ካለህ ማን ይነካሃል አለቻቸው።

«ውጣና ግለ ሂስህን አድርግ» አለች። «አልቅስም፤ እሱን ታውቅበታለህ።»

በበዓሉ ቀን ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ውበቴ ካባ ለበሰ፣ እልል ተባለለት። እንግዳው አመስግኖ ሳይቀመጥ መምህር አካለ ወልድ ማይክሮፎኑን ያዙ።

«ጓዶች፣ ስትሰድቡት የኖራችሁት ዳኛ እኔ ነኝ» አሉ።

የጻፉትን ቃል በቃል ደገሙት። ድንቁርናቸውን፣ ንዑስ ከበርቴያዊ ትዕቢታቸውን አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ እንደተመከሩትም አለቀሱ። አስመስለው የጀመሩት ልቅሶ ግን መሀል ላይ እውነተኛ ሆነባቸው። ያ ሁሉ ሳቅ የወረደው በአንድ ልጅ ላይ መሆኑን ያን ጊዜ ገና አሰቡት፤ አፈሩም።

ውበቴ ግራ ተጋብቶ ሲያያቸው ቆየና ሄዶ አቀፋቸው። ማይክሮፎኑንም ተቀበላቸው።

«መምህር፣ እኔ እኮ አልተፈተንኩም» አለ። «የዚያን ዕለት ግንደወይን አጎቴ ዘንድ ነበርኩ። አዲስ አበባም የገባሁት ዳቦ ቤት ሥራ ተገኝቶልኝ ነው።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ያ ሁሉ ተሳዳቢ በራሱ ሳቀ፤ ጥሩአየሁ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። መምህሩም እንባቸውን ጠራርገው ከሁሉም በላይ ሳቁ። የበደሉት ሰው የለም፤ ፓዌም ከትከሻቸው ወረደች። ቀለል ብሏቸው ከጓድ አዳሙ አጠገብ ወዳለው ወንበራቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

ጓድ አዳሙ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «ያ ድምፅ የኔ ነበር፣ መምህር» አላቸው።