በርታ

«አንድ ሰዓት ሙሉ ፔዳል ረግጠሽ ያው ሳሎን ነሽ! እስኪ ይሄ ምን ይረባል?» አለች እህቷ።

«ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ።»

«ከቡፌው እስከ ሶፋው!»

በማይንቀሳቀሰው ብስክሌት ፊት ባለው ስክሪን ላይ፣ በየከተማው በየቤታቸው ሆነው አብረው ከሚጋልቡት ሰዎች መልእክት ብቅ አለ። እህቷ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ጋሼ፣ በርታ! ሰሞኑን አዘገምክ።»

«ወንድ አደረጉሽ እኮ!» ብላ ሳቀች። «በርቺ በሉኝ በያቸው እንጂ።»

«በርቺማ ለቀስተኛው ሁሉ ብሎኛል።»

እህቷ ከመልእክቱ በላይ፣ በጋላቢዋ ስም ቦታ የተጻፈውን የሟች ባሏን ስም አየች።

«አልነገርሻቸውም?»

እሷ ፔዳሉን ሳታቆም፣ ለወንድም ለሴትም የሚሆን መልስ ጻፈች፦

«እየበረታሁ ነው።»