ስድስት የፋብሪካ ኩባያዎች

የፋብሪካ ኩባያ ያናድደኛል። መቶውን ብትደረድሩት መቶውም አንድ ነው፤ የሠራው ሰው እጅ የለበትም። እኔ በእጄ በምሠራው የሸክላ ኩባያ ላይ እጀታ ስለጥፍ ከሥሩ በአውራ ጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። ጭቃው በእሳት ሲተኮስ አሻራዬ እዚያው ይቀራል። ፊርማዬ እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጭቃ የምቆርጥበት ሽቦ አውራ ጣቴን ሰነጠቀው። በጨርቅ አስሬው ስበሳጭ ታላቅ እህቴ ካርቶን ታቅፋ ገባች።

"እንዳትቆጪ፤ ስድስት የፋብሪካ ኩባያ ገዛሁ። ያንቺን እየጠበቅሁ በእፍኜ ልጠጣ እንዴ?"

"ደግ አደረግሽ። እኔንም በማሽን ለውጪኝ።"

ካርቶኑ እንደታሸገ ነው፤ ጎኑ ላይ የታተመው የምርት ቀን የዓምና ነው። ከፈተችና አንዱን ሰጠችኝ። ከእጀታው ሥር የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጨርቁን ፈትቼ ጣቴን ባስገባው ልክክ አለ።

"ሥራዬን ቀድተውታል!" ብዬ ጮህኩ።

"አንቺ ደግሞ! ጣት ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ?"

ሁለተኛው ላይ አሻራው መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። የዛሬ ጠዋቱ ቁስሌ ነው፣ ከነመጣመሙ። ሦስተኛው ላይ ስንጥቁ ሰፍቷል። አራተኛው ላይ ጣቱ ከማበጡ የተነሳ የአሻራው መስመር ጠፍቷል።

እህቴ ሳቋን ዋጠችው። "በቃ ተይው፣ እመልሳቸዋለሁ" አለችኝ።

አላስቻለኝም፤ አምስተኛውን አወጣሁ። የአውራ ጣት አሻራ የለም። እጀታውን የተጫነው ከጎኑ ያለው አመልካች ጣቴ ነው።

ስድስተኛውን ዙሪያውን ዳሰስኩት። ልሙጥ ነው። የሠራው ሰው እጅ የለበትም።