የዉቦ ጣት

ፍራውከ ያለፈ ነገር ባወራች ቁጥር የእህቷ ባል ዉቦ ጣቱን ያነሳባታል። አስተማሪ ነው። የሚናገሩት የሆላንዶች ቋንቋ፣ ደች፣ ላለፈ ነገር የግስ ደንብ አለው፤ ጠጣ፣ ጠራ፣ ሞተ የሚሉት ግሶች ግን ከደንቡ ያፈነገጡ ናቸው። ትምህርቷን በልጅነቷ ስለተወች እነሱ ላይ ትሳሳታለች፣ ጣቱ ይነሳል፣ ቤተሰቡ ይስቃል። ስለዚህ በየልደቱ ወንበር በክብ ተደርድሮ ሲቀመጡ፣ ኬኳን በልታ ዝም ማለት ከለመደች ዓመታት አልፈዋል።

በእናቷ ልደት ግን አሮጊቷ ድንገት፣ "ፍራውከ፣ አባትሽ ሲሞት አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ለእኔ የነገርሽኝን እነሱም ይስሙት" አሏት። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። የኬክ ሳህኗን አስቀምጣ ፈራ ተባ አለች። መሳሳቷን አይደለም የፈራችው፤ የአባቷ ሞት መሳቂያ እንዳይሆን ነው።

"አባዬ ውሃ ጠጣና..." ብላ ገና ስትጀምር 'ጠጣ' የሚለው ላይ ተሳሳተች፤ የዉቦ ጣት ተነሳ።

"ኧረ ፍራውከ! ዛሬም?" አለ ዉቦ። አንዱ ከጥግ ሳቀ።

ተነሳች። በክቡ መሀል አልፋ ሄደችና ያቺን ጣት በጡጫዋ ጨብጣ ወደ ታች አወረደቻት።

"ቆይ አንተ፤ አባቴን ልጨርስ" አለችው። "ውሃ ጠጣ። የሁላችሁንም ስም ጠራ፤ ያንተንም ጭምር። ከዚያ ሞተ።"

ሦስቱንም የደች ግሶች እንደ ልማዷ ተሳስታ ነበር፤ የሳቀ ግን አልነበረም። የዉቦ ጣት በእጇ ውስጥ ሲላላ ተሰማት፤ እሷ ግን አልለቀቀችውም።