ፍየሎቻችን የት ገቡ?

ጸሐፊው የቀለሙን ሳጥን ከፍቶ ወደ ተናኘ ገፋ አደረገላት። "እናቴ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ።" ከጅግጅጋ ዳር ያለው የጦር ካምፕ አጥሩን ሲያሰፋ የሰፈሩን ኩሬ ወደ ውስጥ አስገብቶት ነበር። በምትኩ ከራሱ ጉድጓድ ውሃ ሊሰጥ ተስማምቶ፣ የዚያን ቀን ውሉ ይፈረም ነበር። ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን አሳርፈው ጨርሰዋል፤ የቀረችው የሴቶቹ ተወካይ ተናኘ ነበረች። እሷ ግን እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደሸሸገች "መጀመሪያ ላንብበው" አለች።

"አንቺ ተናኘ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺ ውሃው ይደርቃል!" አሉ ሽማግሌው ዋበሪ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለችና ውሉን ወደ ራሷ ሳበች። ትምህርት ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው። ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬደች "ለነዋሪዎች መጠጥ" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ተመልሳም አነበበችው።

"ፍየሎቻችን የት ገቡ?"

"ፍየል ውል ውስጥ አይገባም፣ እናቴ" አለ ጸሐፊው።

"ከኩሬው አብረውን ይጠጡ ነበር። ልጆቼ የሚያድጉት በእነሱ ወተት ነው።"

ዋበሪ ሳቃቸውን ዋጡ። "እውነቷን ነው። በቃል የተነጋገርነው ለሰውም ለከብትም ነበር።"

ከጸሐፊው አጠገብ የተቀመጠው የካምፑ ሻለቃ ወረቀቱን ስቦ "ለእንስሶቻቸውም" ብሎ በእጁ ጨመረበትና እስክሪብቶውን በሁለት እጁ ዘረጋላት። ተናኘ አፈረች። "መጻፉ ላይ ገና ነኝ፣ ጌታዬ" አለችና አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ከአዲሱ ቃል አጠገብ አሳረፈችው።

"ሳጥኑን ወዲህ መልሰው" አሉ ዋበሪ ጸሐፊውን። "እኔም እንደገና ልፈርም።"