ለይሄነው የሚሆን ዕቃ

ሱቁ ገብቶ «ይሄ ስንት ነው?» ለሚለው ሰው ደሳለው ዋጋ አይነግርም። መጀመሪያ «ውሎህ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መካነ ሰላም ውስጥ የአደጋ መከላከያ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሦስት ናቸው፤ ውሎ የሚጠይቀው ግን እሱ ብቻ ነው። ለበያጁ መነጽር፣ ለሞተረኛው ሄልሜት፣ የማታ ትምህርት ለምትማረዋ ልጅ ፊሽካ። ዕቃ እንደ ጫማ ነው፣ በሰው ልክ አይገዛም ባይ ነው። በዚህ ሙያው ይኮራል፤ ሲኮራም ትንሽ ያበዛዋል።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ጥቁር የለበሰች ሴት ሱቁ ገባች። ከመናኸሪያው በኩል ለሚመጣ ሰው የደሳለው ሱቅ የመጨረሻው ነው፤ ሁለቱን አልፋ ነው የመጣችው። ባሏ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የድንጋይ ካባ ላይ የቀን ዘበኛ ሆኖ መቀጠሩን ነገረችው። መንገዱ ክፉ ስለሆነ የሚጠብቀው ዕቃ ፈልጋለች።

ደሳለው እንደ ልማዱ የባልየውን ውሎ ጠየቀ። እሷም ሳትሰለች ዘረዘረችለት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ይወጣል። ብቻውን ነው። የሚሄደው የመንገዱን ቀኝ ይዞ ስለሆነ መኪና ከኋላው ነው የሚመጣበት። ከባሕር ዛፉ በታች ያለው ጠምዛዛ ላይ ሲደርስ ድንጋይ ለመጫን የሚወርዱት ገልባጮች ይደርሱበታል። በዚያ ላይ የክረምቱ ጉም የገዛ እጅን እንኳ አያሳይም።

ይሄ ለደሳለው ቀላል ነበር። ቢጫውን የሚያብለጨልጭ ሰደርያ ከግድግዳው አወረደ። ሾፌሩ ከሩቅ ያየዋል አላት። ሴትየዋ አልወደደችውም፤ ሰው ይስቅበታል አለች።

«ባለቤትሽ ማን ይባላል?» አላት፤ ደንበኞቹን በስም ማወቅ ይወዳል።

«ይሄነው አለኸኝ። ከእስር ከወጣ ገና ወሩ ነው። ደጎሎ ላይ ሰው ገድሎ ነበር።»

ደሳለው ሰደርያውን ወደ ቦታው መለሰ።

ይሄነው የገደለው በፍቃዱን ነው፤ የደሳለውን ታናሽ ወንድም። ችሎት ላይ የወሰን ጠብ ነው ተባለ። በፍቃዱ ግን ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከማንም የሚዋሰንበት መሬት አልነበረውም። ደሳለው ከቀብሩ በኋላ አገሩን ጥሎ መካነ ሰላም ገባ፤ እዚህ የማን ወንድም እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ሴትየዋንም አሁን አስታወሳት፤ ብርሀንነሽ ናት። ያኔ ችሎቱ ላይ ከል ለብሳ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትንሰቀሰቅ ነበር። ለሚታሰር ባል እንዲህ ይለቀስለታል ብሎ ገዳዩ ላይ ቀንቶ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደሳለው ደስ አለው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ጠመንጃ አያስፈልገውም፤ ሙያው ይበቃዋል።

«ለሱ ውሎ የሚሆነው ሌላ ነው» አላት።

ግራጫ የዝናብ ልብስ አወጣላት፤ ከጉሙ የማይለይ፣ ቆቡ ጆሮን ድፍን የሚያደርግ። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ ደንበኞች ተማረው የመለሷቸውን ዕቃዎች ጨመረ፦ ቻርጁ ሩብ ሰዓት የማይቆይ ባትሪና ፍሬዋ የወደቀባት ፊሽካ። የመንገዱን ቀኝ መያዙም ጥሩ ነው፣ እንዳይለውጥ አላት። ብርሀንነሽ ባትሪውን አብርታ አላየችም፤ ፊሽካዋንም አልነፋችም። ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አለ በልቡ። ትንሽም አዘነላት፤ ከሷ ጋር ጠብ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ደሳለው በአሥራ አንድ ሰዓት ይነቃል። ገልባጮቹ ሲያልፉ ይሰማል፤ ከዚያ እሪታ ይጠብቃል። እሪታው አልመጣም። ብሽቀቱ ቁርሱን ከለከለው።

በሁለተኛው ሳምንት አዩብ የሚባለው የገልባጭ ሾፌር ሱቁ ገባ። የገጠመውን አወራ። ጠምዛዛው ላይ ከጉሙ መሀል አንድ ግራጫ ነገር ጎማው ሥር ድንገት ብቅ አለበት፤ መሪውን ጠምዝዞ ቦይ ውስጥ ነው የገባው።

«ሞተ?» አለ ደሳለው።

«ተርፏል። አላህ ነው ያወጣኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ደሳለው፤ ክርስቲያን ቢሆንም አፉ የለመደው ነው።

አዩብ ግድግዳው ላይ ያለውን ቢጫ ሰደርያ አየ። ለዚያ ምስኪን ዘበኛ ገዝቼ ልስጠው አለ። ደሳለው ተሸጧል፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ነው የሰቀልኩት አለው። አዩብ ሲወጣ ሰደርያውን አውርዶ ባንኮኒው ሥር ደበቀው። አላፈረም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ካባው በማይሠራበት በእሑድ ቀን፣ ብርሀንነሽ ተመልሳ መጣች። ፌስታል ይዛለች። የዝናብ ልብሱን፣ ባትሪውንና ፊሽካዋን አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ ደረደረች።

ደሳለው ዕቃዎቹን ወደ ራሱ ሰበሰበ። የተበላሸ ዕቃ እያወቀ ሸጧል፤ ፖሊስ ቢጠይቅ፣ አዩብ ቢመሰክር፣ የማን ወንድም እንደሆነ ቢታወቅ እስር ቤት የሚገባው አሁን እሱ ነው።

«ችግር ካለበት እቀይርልሻለሁ፣ እቴ» አለ ቀድሟት።

ብርሀንነሽ ሄዳ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችው። ተመልሳ ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«በፍቃዱን ትመስላለህ» አለችው። «ድምፅህም የሱ ነው። ደሳለው መሆንህን ከመጀመሪያውም አውቄአለሁ።»

ደሳለው ገርበብ ያለውን በር አየ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰላም ገባ» አለች ብርሀንነሽ፤ «ከዚህ የባሰ የለህም?»