ሠላሳ ስድስቱ ሴቶች

አሳታሚ ድርጅቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ “ወንፊት” ነው የሚሏት። ሥራዋ የሐኪሞች መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት መጨረሻ ላይ የተደረደሩትን ዋቢ ጽሑፎች አንድ በአንድ ማጣራት ነው። በተለይ ሐሰት ሆኖ ተገኝቶ ያወጣው መጽሔት ራሱ የሻረው ጥናት በሷ በኩል አያልፍም።

የተሻረ ጥናት የሚጠቅሱ ሰዎች ምክንያት አጥተው አያውቁም። አንዱ “ሲሻር እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ” ይላል። ሌላው “ሁሉም ይጠቅሰው የለም እንዴ?” ብሎ ይቆጣል። እውነቱን ነው፣ ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ፣ የፊደል ግድፈቱን እንኳ ሳይነካ። ወንፊት እንዲህ ያለውን ስታገኝ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ልጅ ሳለች ከደረጃ ወድቃ ከተሰበረ ወዲህ አልዘረጋ ባለው የግራ ክርኗ ወረቀቱን ተጭና፣ በቀኝ እጇ ቀይ እስክሪብቶ አንስታ ከዳር እስከ ዳር ትሰርዘዋለች።

በዚያ ሳምንት የደረሳት የመካንነት ሕክምና መመሪያ ነበር። ጸሐፊው የራሷ ሐኪም ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ የሱን መርፌ ተወግታለች። የክሊኒኩ ካርድ ክፍል አሮጌ ካርድ ፈልጎ ማግኘት የማይሆንለት ስለነበር በሄደች ቁጥር አዲስ ይወጣላታል፤ ዕድሜዋን፣ ክብደቷን፣ የልጅነት በሽታዋን ሁሉ ከሀ ጀምራ ትናገራለች። መርፌው ሲወጣ ሦስት ጊዜ ታስነጥሳለች። ነርሷ “ይማርሽ” ትልና ትመዘግባለች። ከዚያ ሳምንቱን አልጋ ላይ ነው፤ ማስመለስ፣ ራስ ምታት፣ ባሏን ያለ ምክንያት መቆጣት። አልጸነሰችም።

ሕክምናው ባበቃ በዓመቱ ሐኪሙ ጥናቱን አሳተመ። መርፌውን ከወሰዱት ሠላሳ ስድስት ሴቶች ሃያ ሁለቱ ወልደዋል ይላል። ሁሉም ላይ የታየ ቀላል ጉዳት ማስነጠስ ብቻ ነው ይላል። ወንፊት የማስነጠሷ ነገር በሳይንስ መመዝገቡ ትንሽ አጽናናት፤ ሃያ ሁለቱ ግን አስለቀሷት። መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው። የማይሠራው የሷ ማህፀን ነው። ከአሥራ አራቱ ዕድለ ቢሶች አንዷ ሆና ቀረች።

አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሐኪሙ አንድ ዙር ደግመን እንሞክር ብሏት መጪው ማክሰኞ ልትጀምር ነው። ባሏ አልወደደውም።

“ያንን ስቃይ ደግሞ?” አላት። “እኔ እኮ አንቺ ከኖርሽልኝ ይበቃኛል።”

“ለሃያ ሁለት ሴቶች ሠርቷል፤ ለኔ ሲሆን ምን ነክቶት እምቢ ይላል?” አለችው።

መመሪያውን እያጣራች ዋቢ አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ ቆመች። ያው ጥናት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ተሽሯል። መጽሔቱ የሰጠው ምክንያት አንድ መስመር ነው፦ መረጃው የማይታመን ሆኖ በመገኘቱ።

ስልክ መታች።

“ዶክተር፣ ዋቢ አሥራ ሰባት ተሽሯል እኮ።”

“ተዪው ባክሽ፣ የምቀኛ ሥራ ነው” አለ እየሳቀ። “ሁሉንም በገዛ እጄ ነው የወጋኋቸው። አንቺስ ምስክሬ አይደለሽም እንዴ? ለማንኛውም ማክሰኞ እንዳትቀሪ። በጠዋት መጥተሽ አዲስ ካርድ አውጪ።”

ቀይ እስክሪብቶው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠረጴዛው ሳይነሳ ዋለ።

ዋና አዘጋጁ ገጹን አይቶ ወደ ክፍሏ መጣ። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ሐኪም በሌለበት ሐኪም ማማት የሚወድ ሰው ነው።

“ምን ነካሽ? ሌላውን እንዲያ እያንቀጠቀጥሽ ይሄን ታልፊዋለሽ?” አለ። “ሰውዬው ቁጭ ብሎ ከጭንቅላቱ የፈጠራቸው ሴቶች ናቸው! ሠላሳ ስድስት ሰው አንድ ላይ ያስነጥሳል? ጭራሽ የሉም!”

“አሉ፣ ጋሼ።”

“በምን አወቅሽ?”

“አንዷ እኔ ነኝ።”

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

“እንዲያ ከሆነ አረጋግጪ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “የመጽሔቱ ሰዎች ሲሽሩት መርምረዋል። የምርመራውን ሰነድ ይላኩልሽ። ሴቶቹ ካሉ እኔው ራሴ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።”

ጻፈችላቸው። እስኪመልሱ ድረስ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በሥራዋ ዘመን ሁሉ ጥናት ውሸት ሆኖ ሲገኝ ደስ ይላት ነበር፤ ይሄኛው ግን እውነት ይሆንላት ዘንድ ተሳለች። ሃያ ሁለቱ እናቶች ከሌሉ ማክሰኞ የምትሄደው ወዴት ነው?

ሰነዱ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ስም የለውም፤ ለእያንዳንዷ ታካሚ አንድ መስመር። ቆጠረች። ሠላሳ ስድስት።

ክብደቱ እስከ ግራም ተጽፏል። የደም ግፊቱ፣ የልብ ምቱ፣ የልጅነት ኩፍኙ ሳይቀር። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከጭንቅላት አይወጣም፤ ስንት ቀጣፊ ያየችው ወንፊት ይሄን ታውቃለች። ቀጣፊ ሰነፍ ነው።

ባሏ ጋ ደወለች። “አሉ!” አለችው እንባዋ እየቀደማት። “እውነተኛ ሰዎች ናቸው! ነገ እሄዳለሁ።”

“እሺ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ” አለ።

ስልኩን ዘግታ ከሴቶቹ መካከል የራሷን መስመር ልትፈልግ ተመለሰች። ለይታ የምታውቀው በአንድ ነገር ነው። “ቀድሞ የደረሰ ስብራት” የሚለውን ዓምድ አገኘችና ጣቷን ከላይ አስቀምጣ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች።

የሠላሳ ስድስቱም ሴቶች የግራ ክርን አይዘረጋም።